እትዬ ሀረገወይን የጀልባ አደጋ ሲያጣሩ

ሐበሻ ከአራት በላይ ሆኖ በተከራየው ቤት ሁሉ፣ አገሩ የትም ይሁን የት፣ የሥልጣን ክልል የሚያካልል አንድ ሰው አይጠፋም። ድስት ሲያር እሳቱን ከማጥፋቱ በፊት "ይሄ የማን ሥራ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማለቴ ነው። የእናንተም ቤት አለ። ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

በእኛ ቤት፣ ኩዌት፣ ፋርዋኒያ ሠፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ ሀረገወይን ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። ይውረዱልን ያለም የለም፤ አቤቱታው ለየትኛው አካል እንደሚቀርብ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸዋ።

ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል። ቁመታቸው አጭር፣ እርምጃቸው ፈጣን ነው፤ መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ጠብም ይሁን የጠፋ ካልሲ ወይም የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፊታቸው ሲቀርብ መነጽሩን ያደርጉና "ቆይ፣ መጀመሪያ ባለቤቱን እንወቅ" ይላሉ። ከዚህ በኋላ የቸኮለ ሰው ካለ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

አምና በሐምሌ ሙቀት አሳንሰሩ እኔን ይዞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሀል ቆመ። በሩን ደበደብኩ። በስንጥቁ በኩል የእትዬ ሀረግ ድምፅ መጣ።

"አንቺ ነሽ? አይዞሽ። አሁን በደንብ ስሚኝ። በሩ የሃሪሱ ነው።" ሃሪስ የምንለው የሕንፃውን ዘበኛ ነው። "ሞተሩ የኩባንያው ነው። ውስጡ ያለው ሰው ግን የእሳት አደጋ ነው። ሙቀቱ የማንም አይደለም።"

"እትዬ፣ እባክዎ ከሦስቱ አንዱን ይጥሩልኝ" አልኳቸው፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል።

"ያለቦታው አንዱን ብጠራ እሱም የኔ አይደለም ብሎ ይሄዳል፣ ሌላውም አይመጣም። ታገሺ።"

እውነቱን ለመናገር፣ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስቱም መጡ። ሃሪሱ በሩን ያዘ፣ ባለሞተሩ ሞተሩን አጠፋ፣ እሳት አደጋዎቹ እኔን አወጡ። እትዬ ሀረግ ደረጃው ላይ ቆመው ማንም የማንንም ሥራ እንዳይነካ ይቆጣጠሩ ነበር።

የሽሮውንም ምርመራ ልንገራችሁ። አብራን የምትኖረው የሺመቤት ሽሮ አሳርራ ቤቱን በጢስ ሞላችው። እኛ ልንጮህባት ስንነሳ እትዬ ሀረግ እጃቸውን ዘረጉ። ሁለት ስብሰባ እንደሚደረግ አስታወቁ። ዛሬ "ለምን አረረ?"፣ ነገ "ማን አሳረረው?"። በመጀመሪያው ስብሰባ ማንም ማንንም መውቀስ አይችልም። ስቀን ልንሞት ደረስን፤ ሆኖም ተቀመጥን። የሺመቤት ሳትፈራ ተናገረች፤ እሳቱን ቀንሳው ነበር፣ የምድጃው መቆጣጠሪያ ግን ላልቶ ራሱ ይዞራል። ሄደን ስናየው እውነትም ይዞራል። ተጠገነ። በማግስቱ በሁለተኛው ስብሰባ የሺመቤት ጥፋተኛ ተባለችና ድስቱን ፈተገች፤ ስልክ እያወራች ረስታው ነበርና።

"ሁለቱን ጥያቄ አንድ ቀን ብጠይቃት ኖሮ" አሉ እትዬ ሀረግ፣ "ድስቱ ይፈተግ ነበር፣ ምድጃው ግን እንዳለ ይቀር ነበር።"

ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት ብትሉኝ፣ ከመጥረጊያ ነው። ኩዌት ከገቡ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የጽዳት ኩባንያቸው በየሁለት ዓመቱ አንድ የመንግሥት ሕንፃ ላይ ይመድባቸዋል። ሌላው ሰው መሥሪያ ቤቶችን በስም ያውቃል፤ እትዬ ሀረግ በፎቅ፣ በኮሪደርና በቆሻሻ ቅርጫት ነው የሚያውቋቸው። ዐረብኛ ጋዜጣ ብትሰጧቸው አያነቡም። የበር ላይ ጽሑፍ ሲሆን ግን ሩጫ ላይ ሆነው ያነቡታል።

እኔ ሚርቃብ የሚባል ሠፈር አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስነፋ ውዬ ማታ ቤት ስገባ ስለ መሥሪያ ቤት ሥልጣን መስማት አልፈልግም። ስለዚህ እትዬ ሀረግን በጣም ስሸሻቸው ኖሬያለሁ። ትንሣኤ እጇን በጄሶ አስራ እስከመጣችበት አርብ ድረስ ማለት ነው።

ትንሣኤ በአንድ ኩዌታዊ ቤተሰብ ቤት የምትኖርና የምትሠራ ልጅ ናት። አርብ አርብ፣ እዚህ የዕረፍት ቀን ነውና፣ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት መጥታ ጋደም ትላለች። እንደ እሷ ይቅርታ የሚያበዛ ሰው አላየሁም። ጎረቤት ብርጭቆ ቢሰበር እሷ ይቅርታ ትላለች። ይህን በማለቷ ልስቅባት አልችልም። በሰው ቤት ሠርተን ያለፍን ሁሉ እናውቀዋለን፤ ማዳም ስትቆጣ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጣራ፣ "አሲፋ" ብሎ አንገት መድፋት ነው። ይቅርታ ማለት ነው። ልብስ መተኮስ ሳንማር የምንማረው ቃል እሱ ነው።

የሆነውን አልቅሳ ነገረችን። ባለፈው ቅዳሜ ቤተሰቡ አቡ ሐሊፋ ወደሚባል የባሕር ዳርቻ ሄደ። የማዳም ወንድም ትንሽ ባለሞተር ጀልባ አለው። የማዳምን የስድስት ዓመት ልጅና ትንሣኤን ጭኖ ወጣ። ብዙም ሳይሄዱ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ጋር ተጋጩ። ሕፃኗ ምንም አልሆነችም። የትንሣኤ እጅ አንጓው ላይ ተሰበረ። ዓሣ አጥማጁ ግን ውኃ ውስጥ ወድቆ ጎድኑ ተሰብሯል፤ ሆስፒታል ተኝቷል። ወንድምዬው ደግሞ "ሠራተኛዋ ብድግ ብላ ፊቴን ጋረደችኝ፣ ለዚህ ነው ያላየሁት" ብሏል።

"ተነስተሽ ነበር?" አልኳት።

"አልተነሳሁም። እሱ በስልኩ ቪዲዮ እየቀረጸ ነበር።"

"ታዲያ ምን አልሽ?"

"አሲፋ አልኩ" አለችና እንደገና አለቀሰች።

ሰኞ ማኽፈር፣ ማለትም የሠፈሩ ፖሊስ ጣቢያ፣ ቃሏን እንድትሰጥ ተጠርታለች። ሰው የተጎዳበት ነገር ነው። ጥፋቱ እሷ ላይ ከወደቀ ክሱ አለ፤ ከክሱ ብታመልጥም ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ተሰርዞ ወደ አገር ቤት መመለስ አለ። ትንሣኤ ለመመለስ ምንም ዝግጅት የላትም፤ ሁለት እህቶቿን የምታስተምረው እሷ ናት።

ይኼኔ ዞር አልኩ። እትዬ ሀረግ መነጽራቸውን አድርገዋል።

ልደብቃችሁ አልችልም፤ ፊታቸው ላይ ደስታ የሚመስል ነገር አየሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የድስት፣ የቧንቧና የአሳንሰር ጉዳይ ሲያከፋፍሉ ኖረው፣ ባሕር ቀርቦላቸው አያውቅም።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ባለቤቱን እንወቅ" አሉና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። "ሰው ከውኃ የሚያወጡት የባሕር ጠባቂዎቹና እሳት አደጋዎቹ ናቸው። ደረቅ መሬት ላይ ሲያደርሱሽ ሥራቸው አለቀ። ሰው ተጎድቶ 'ማን አጠፋ?' የሚለው የማኽፈሩ ነው፤ ከዚያ የዐቃቤ ሕጉ። ጀልባዋ ደህና ነበረች ወይ፣ ነጂው ምን ያይ ነበር፣ 'ለምን ሆነ?' የሚለው የመርከብ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ነው። አጥማጁ መረቡን የት ነበር የዘረጋው የሚለው ደግሞ የዓሣዎቹ መሥሪያ ቤት ነው።"

"ነዳጅ ከፈሰሰስ?" አለች የሺመቤት፣ ለማላገጥ።

"የአካባቢ ጥበቃ" አሉ እትዬ ሀረግ ፍንክች ሳይሉ። "ፈሷል?"

"ትንሽ" አለች ትንሣኤ። "ይቅርታ።"

እትዬ ሀረግ ትክ ብለው አዩዋት። "ያን ቀን ይቅርታ ያልሽው ለማን ለማን ነው?"

ትንሣኤ በደህናው እጇ ጣቶች ቆጠረች። ከውኃ ላወጣት ወታደር። ለማዳም። ለወንድምዬው። ቃሬዛ ላይ ለተኛው አጥማጅ። ወረቀት ይዞ ለሚጽፈው ሰውዬ።

"ጎበዝ። አንድም መሪ ሳትነኪ አምስት ቦታ ተናዘዝሽ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ ልጄ። 'ማን አጠፋ' ጋ ከይቅርታ በቀር ምንም ይዘሽ ካልገባሽ ይቅርታሽን ይጽፉታል፤ ሌላ የሚጽፉት ምን አለ? ስለዚህ እሑድ 'ለምን ሆነ' ጋ እንሄዳለን። እዚያ የሆነውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታወሪያለሽ። አፍሽ ከተፈታ በኋላ ሰኞ የፈለገው ይጠይቅሽ።"

ያን ከሰዓት ልምምድ ተደረገ። እትዬ ሀረግ መርማሪ ሆነው ይጠይቃሉ፤ ትንሣኤ ይቅርታ ሳትል ትመልሳለች፤ ማለትም ልትመልስ ትሞክራለች። በሰባተኛው ሙከራ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያህል ደህና ሄደች። ከዚያ እትዬ ሀረግ በራሳቸው ክርን የራሳቸውን ሻይ ገፍተው ቀሚሳቸው ላይ ደፉት።

"ይቅርታ እትዬ" አለች ትንሣኤ።

እትዬ ሀረግ የራሰ ቀሚሳቸውን ጨመቁ። ከዚያ "ከመጀመሪያው እንጀምር" አሉ። ትንሣኤ ማታ ለማዳም እሑድ ሄዳ ቃሏን መስጠት እንደምትፈልግ ነገረቻት። ማዳም "ሂጂ" አለቻት።

እሑድ፣ ኩዌት ውስጥ የሥራ ቀን ነውና፣ ከፀጉር ቤቱ ፈቃድ ጠይቄ ተከተልኳቸው፤ ዐረብኛዬ ከሁለቱም ይሻላል። መጀመሪያ ባሕር ዳር ያሉት ጠባቂዎች ጋ ሄድን። አንድ ወጣት ወታደር ውኃ ሰጠንና ወረቀቱን ለሚመለከታቸው እንዳስተላለፉ፣ የእነሱ ድርሻ ማዳንና መመዝገብ ብቻ እንደሆነ ነገረን።

"አላልኳችሁም?" አሉ እትዬ ሀረግ፤ ደረታቸው ተነፋ።

ከዚያ ከተማ ገባን። የመርከብ ጉዳይ የሚታይበትን ሕንፃ እንደ ጓዳቸው ነው የሚያውቁት፤ ሁለት ዓመት አጽድተውታል። ዘበኛውን ሳይጠይቁ አለፉ። ሦስተኛ ፎቅ ወጡ፣ ወደ ግራ ታጠፉ፣ አራተኛው በር ላይ ቆሙ። ጽሑፉን ሊያነቡ መነጽራቸውን አደረጉ። አውልቀው ጠረጉት። እንደገና አደረጉት።

በሩ ላይ የተጻፈው "የሠራተኛ ሥልጠና" ነበር።

ውስጥ ያለው ወጣት በትሕትና አስረዳን። ሥራው ከዚህ መሥሪያ ቤት ተነስቶ ወደ ሌላ ከተዛወረ ቆይቷል። የት እንደሆነ እሱ አያውቅም፤ አዲስ ነው።

እትዬ ሀረግ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። "ሳይነግሩኝ" አሉ። ለሌላ ሰው ሳቅ ይመጣበት ይሆናል፤ እኔ ግን አንጀቴን በሉኝ። ትንሣኤ ጄሶዋን አቅፋ "በእኔ ምክንያት ነው፣ ይቅርታ እትዬ" ትላለች። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ እኩለ ቀን ካለፈ ቢሮው ይዘጋል፣ ሰኞ ደግሞ ማኽፈር ነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ መፈለግ ጀመርኩ።

እትዬ ሀረግ ግን ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄዱ። የመጥረጊያ ዕቃ የሚቀመጥባትን ጠባብ በር አንኳኩ። ሐሲና የምትባል ባንግላዴሻዊት ጽዳት ሠራተኛ ወጣችና ተቃቀፉ። ድሮ አብረው ጠርገዋል። በተሰባበረ ዐረብኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ሐሲና መስኮቱ ጋ ወስዳ በጣቷ አንድ ነጭ ሕንፃ አሳየቻቸው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከውኃ ማቀዝቀዣው ቀጥሎ። ሳጥኖቹን ተሸክማ ያዛወረችው እሷ ናት።

"ሥራው ይዛወራል" አሉ እትዬ ሀረግ ደረጃውን ሲወርዱ፣ ድምፃቸው ተመልሶ። "የሚጠርገው ሰው ግን ያውቃል።"

አጣሪው ሽበታም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። የአደጋው ፋይል ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምስክር በራሷ ፈቃድ መምጣቷ ደስ እንዳሰኘው ነገረን። እኔን በአስተርጓሚነት ተቀበለኝ። ከዚያ በእስክሪብቶው ወደ እትዬ ሀረግ አመለከተ።

"እሷስ ምኗ ናት? ቤተሰብ ካልሆነች ውጭ ትጠብቅ።"

እንግዲህ ይህን አስተውሉልኝ። እትዬ ሀረግ በሕይወታቸው ያለቦታው ምልክት አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። የመኖሪያ ፈቃድ ቅጽ ስሞላ በአንድ ሳጥን ስለተሳሳትኩ ሙሉ ቅጹን ቀድደው በአዲስ ያስሞሉኝ ሴት ናቸው። ከትንሣኤ ጋር ከቤተ ክርስቲያን በቀር የሚያገናኛቸው አንድም ነገር የለም፤ አገራቸውም ለየቅል ነው።

"ኻላዋ ነኝ" አሉ። አክስቷ፣ የእናቷ እህት። ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ሰውዬው ቅጹ ላይ ጻፈው፣ እሳቸውም ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ።

"እኔ ማን እንዳጠፋ አልጠይቅም" አላት አጣሪው። "እሱን የሚጠይቁ ሌሎች አሉ። እኔ የምፈልገው እንዴት እንደሆነ ነው፣ ሌላ ጊዜ እንዳይሆን።" እትዬ ሀረግ ተማሪው በትክክል እንደመለሰለት አስተማሪ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትንሣኤ አፏን ከፈተች። "አሲ..." ስትል የእትዬ ሀረግ ጫማ በጠረጴዛው ሥር ጫማዋን ረገጠ። "የሰው ጥፋት አትናገሪ፣ የራስሽንም አትናገሪ። ያየሽውን ተናገሪ" አሏት በአማርኛ። እኔ ይህን አልተረጎምኩም።

ተናገረች። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ ሕፃኗ ጭኗ ላይ እንደነበረች፣ ጀልባው ሲዘል ሕፃኗን በአንድ እጅ አቅፋ በሌላው ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት እንደያዘች። አጣሪው እጁን አነሳ።

"የትኛው እጅሽ ብረቱን ያዘ?"

ጄሶውን አሳየችው። እሱ ፋይሉ ውስጥ ያለውን የጀልባውን ፎቶ አወጣ። የተጣመመ ብረት፣ ከወንበሩ ሥር፣ ከጀልባው ወለል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ። ፎቶውን አየ፣ ጄሶውን አየ።

"የቆመ ሰው እጅ እዚያ አይደርስም" አለ ለራሱ፣ ጻፈውም። ከዚያ ነጂው እጁ ላይ ምን እንደነበር ጠየቃት። ስልክ፣ አለች። ይቅርታ አላለችም።

በማግስቱ ማኽፈር ስንሄድ ያንኑ ታሪክ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ጄሶዋን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ነገረቻቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድምዬው ስልኩን ይዞ እንደነበር አመነ። ሕፃኗም ለእናቷ ያንኑ ስትል ሰንብታለች አሉ። አጥማጁ ከሆስፒታል ወጥቷል። የትንሣኤ ኢቃማ እንዳለ ነው፣ ማዳም ራሷ ወስዳ ጄሶውን አስፈታቻት። ወንድምዬው አንድ ቀን ማድ ቤት በር ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት። ትንሣኤ "እኔም ይቅርታ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ፣ ምላሴን ነከስኩ" ብላ አጫወተችን።

እትዬ ሀረግ አሁንም ያው ናቸው። ትናንት የማቀዝቀዣውን ሽታ ባለቤት ሲያፈላልጉ አራት ሰው አፋጥጠዋል። እኔም አሁንም አሾፍባቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ባለፈው ሳምንት የፀጉር ቤታችን ባለቤት ለሁላችንም አንድ ቅጽ ሰጠችን፤ አደጋ ቢደርስባችሁ ኩዌት ውስጥ የሚጠራ ሰው ማነው፣ ዝምድናውስ? እህቴ ሃና ወደ አገር ቤት ከገባች ወዲህ ያን መስመር በየዓመቱ ባዶ ነው የምተወው። ዘንድሮ የእትዬ ሀረገወይንን ስም ጻፍኩበት። ዝምድና በሚለው ቦታ "አክስት" አልኩ። ከዚያ ሕሊናዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ደወልኩላቸው። ለሚመለከተው አካል የሐሰት ቃል ስለመስጠት ረጅም ስብከት እጠብቅ ነበር።

በስልኩ ውስጥ የውኃ ባልዲ ሲቀመጥ ሰማሁ።

"ቁጥሬን አንብቢልኝ" አሉ።

አነበብኩላቸው።

"ልክ ነው። ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ በያቸው።"